የመንዝ አፈር ምስክር፦ ሁለት ከረጢት ሻይና ዘጠና ቀን

በአገራችን መሬት የማን ነው የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈጅቷል። እኔም በዚህ ዓምድ የበኩሌን ድርሻ አዋጥቻለሁ። ስለ መሬቱ ባለቤትነት የተጻፈውን ያህል ግን ስለ አፈሩ ጤንነት አልተጻፈም። ሕግ የተማርን ሰዎች መሬትን የምናውቀው በካርታ፣ በደብተርና በወሰን ድንጋይ ነው። ከወሰን ድንጋዩ ሥር ያለውን ለግብርና ባለሙያው ትተንለታል።

ሕጉ ራሱ ግን ስለ አፈሩ ዝም አላለም። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በአንቀጽ 6 የይዞታው ስፋት እንዲለካ፣ የአጠቃቀሙ ዓይነትና የለምነት ደረጃው ደግሞ እንዲመዘገብ አዝዞ ነበር። በአንቀጽ 10 ባለይዞታው መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት ደንግጎ፣ መሬቱ ከተጎዳ የመጠቀም መብቱን እንደሚያጣ አስጠንቅቆ ነበር። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ጥያቄው ግን ከአንዱ አዋጅ ወደ ሌላው የሚሻገር ነው። አንድ ማሳ “ለም”፣ ሌላው “መካከለኛ”፣ ሦስተኛው “ለምነቱ ያነሰ” የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? “ተጎዳ” የሚባለውስ ከምን ተነሥቶ ነው?

የመጀመሪያው የይዞታ ደብተር ሲታደል ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ በአብዛኛው የቀበሌ ኮሚቴ ዓይንና የጎረቤት ቃል ነበር። የጎረቤትን ቃል አልንቅም፤ ገበሬ አፈሩን ያውቃል። ነገር ግን መብትን ሊያሳጣ የሚችል ጉዳይ በዓይን ግምት ብቻ መወሰኑ የሕግን ሚዛን ያዛባል። ዛሬ ለአንባቢ የማቀርበው፣ አፈር ምን ያህል በሥራ ላይ እንዳለ በርካሽና በአንድ ወጥ መንገድ የሚለኩ ዘዴዎችን ነው። ምሳሌ የማደርገውም ጉዳዩ ጎልቶ የሚታይበትን የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ምድር ነው።

መበስበስ ማለት ምን ማለት ነው?

ቅጠል ይረግፋል፣ ሥር ይሞታል፣ ገለባ ማሳ ላይ ይቀራል። ይህን ሁሉ የሚበላ ሠራዊት ከመሬት በታች አለ። የምድር ትልና ምስጥ ይቆራርጡታል፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያና ፈንገስ ደግሞ ያፈርሱታል። መጀመሪያ የሚያልቀው ስኳሩና በቀላሉ የሚሟሟው ነው። ቀጥሎ ሴሉሎስ የሚባለው የተክል አካል ይበላል። መጨረሻ የሚቀረው እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ሊግኒን የተባለው ጠንካራ ነገር ነው።

ከዚህ ሥራ ሦስት ነገር ይወጣል። አንዱ ክፍል ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል። ሁለተኛው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና የመሳሰሉት ንጥረ ነገሮች ሆኖ ለቀጣዩ ሰብል ምግብ ይሆናል። ሦስተኛው ቶሎ የማይፈርስ ጥቁር ቅሪት ሆኖ አፈር ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ቅሪት ውኃ ይይዛል፣ አፈሩንም ያያይዛል።

ስለዚህ ስለ መበስበስ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ምን ያህል ይፈጥናል? ምን ያህልስ ሳይፈርስ ይቀራል? ሁለቱን የሚወስኑት ደግሞ የሙቀቱና የእርጥበቱ መጠን፣ የወደቀው ነገር ዓይነትና በአፈሩ ውስጥ የሚኖሩት ፍጥረታት ናቸው።

መንዝ ለምን?

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በዚያ ብርድ ገብስ ይበቅላል፣ የመንዝ በግ ይረባል፣ ከጸጉሩም በርኖስና ባና ይሠራል። ወደ መርሐቤቴ ወርዶ የጀማን ሸለቆ የተመለከተ ሰው ደግሞ ማሽላ የሚበቅልበትን ቆላ ያያል። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,500 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚለያይ፣ ልዩነቱ 9 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ባለሙያዎች በልምድ የሚጠቀሙበት ስሌት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የጥቃቅን ፍጥረታት ሥራ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል ይላል። እርጥበት እስካለ ድረስ፣ ደጋው ላይ ዓመት የሚፈጅ ብስባሽ ቆላው ላይ በግማሽ ዓመት ሊያልቅ ይችላል።

የተፈጥሮው ልዩነት ይህ ሆኖ ሳለ የሰው እጅ ደግሞ ሌላ ልዩነት ጨምሮበታል። ሦስቱን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ኩበት ነው። ዛፍ በጠፋበት ደጋ ማገዶው የከብት እበት ነው። ኩበቱ ምድጃ ገብቶ እንጀራ ያበስላል፤ ማሳው ግን ጦሙን ያድራል። ገለባውም ለከብት መኖ ይሆናል፣ ጭዱም ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ቤት ይመረግበታል። ለአፈሩ የሚተርፈው ሥሩና ጥቂት ቃርሚያ ብቻ ነው። ይህን የምለው የመንዝን እናቶች ለመውቀስ አይደለም። ሌላ ማገዶ የሌለው ሰው ኩበት ለምን አነደድክ ተብሎ አይጠየቅም።

ሁለተኛው በሰሜን ሸዋ ደጋ የታወቀው አፈርን የማቃጠል ልማድ፣ ጋይ የሚባለው ነው። ገበሬው የላይኛውን አፈር በየቦታው ከምሮ፣ በውስጡ ኩበትና ደረቅ ሣር አድርጎ ለቀናት እያጨሰ ያቃጥለዋል። ከዚያ በትኖ ገብስ ይዘራበታል። የመጀመሪያው ዓመት ምርት ያማረ ይሆናል። ከዚያ ግን መሬቱ ለብዙ ዓመታት ማረፍ ይኖርበታል። ሳህለመድኅን ሠርጹና ፔድሮ ሳንቼዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህን ልማድ መነሻ አድርገው አፈርን ማሞቅ ምን እንደሚለውጥ መርምረዋል። ነገሩ ባጭሩ ቁጠባን በአንድ ቀን አውጥቶ እንደ መብላት ነው። እሳቱ ለሰብል የሚሆነውን ንጥረ ነገር ባንዴ ይለቃል፣ ለዓመታት የተጠራቀመውን ጥቁር ቅሪት ግን ያነድደዋል።

ሦስተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ለገንዘብ ለማገዶና ለቤት የሚተካው አልተገኘም። “አፈር ያደርቃል፣ ሥሩ ሣር አያበቅልም” የሚለው ክስ ግን በየቀበሌው ይሰማል። ክሱ እውነት የሚሆነው የት ነው? ሐሰት የሚሆነውስ? ይህን የሚመልስ ልኬት በየቀበሌው የለም።

ከእነዚህ ሁሉ በተቃራኒ ደግሞ የመንዝ ጓሳ አለ። ከ3,200 ሜትር በላይ የተዘረጋው ይህ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ፣ ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ የሚፈሱ ወንዞች መነሻ ነው። ስሙን ያወጣለት የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ገሳ ያገለግላል። ሣሩ የሚታጨደው በተራና በፈቃድ በመሆኑ ብዙው እዚያው ይደርቃል፣ እዚያው ይወድቃል፣ በብርዱ ምክንያትም ቀስ ብሎ ይበሰብሳል። ወንዞቹን በበጋ የሚመግበው እርጥበት የሚቀመጠው በዚህ ጥቁር አፈር ውስጥ ነው። የተጠበቀው ጓሳ፣ የታረሰው ማሳ፣ የተቃጠለው ጋይና የባሕር ዛፉ ጥላ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ጎን ለጎን የሚገኙበት ቦታ ለመለካት የተመቸ ነው።

ሦስቱ ቀላል ዘዴዎች

የመጀመሪያው የቅጠል ከረጢት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ቦኮክና ጊልበርት የተባሉ እንግሊዛውያን ባሳተሙት ጥናት ከታወቀ ወዲህ በመላው ዓለም ሲሠራበት ኖሯል። ደረቅ ቅጠል ይመዘናል፣ በመረብ ከረጢት ይሰፋል፣ መሬት ላይ ይቀመጣል ወይም ይቀበራል። በየተወሰነ ወር ጥቂት ከረጢቶች እየተነሡ ደርቀው ይመዘናሉ። የጎደለው ክብደት የበሰበሰው ነው። የመረቡ ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ የሚገቡት ጥቃቅኖቹ ብቻ ናቸው፤ ሰፊ ከሆነ ትልና ምስጥም ይገባሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የትል ድርሻ ስንት እንደሆነ ይነግራል።

ይህ ዘዴ የሚመልሰው ጥያቄ “የትኛው ቅጠል ቶሎ ይበሰብሳል?” የሚለውን ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የኮሶ ቅጠል፣ የጓሳ ሣርና የገብስ ገለባ በአንድ ማሳ ውስጥ ተቀብረው ሊወዳደሩ ይችላሉ። በአገራችንም እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠንቷል። ሊሳነወርቅ ንጋቱና አንደርስ ሚኬልሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ሥራ ሦስት የተተከሉ ደኖችን ከተፈጥሮ ደን ጋር በማነጻጸር፣ የሚረግፈውን ቅጠልና ሲበሰብስ የሚለቀውን ንጥረ ነገር መርምረዋል። የዘዴው ድክመት አንድ ነው። እያንዳንዱ አጥኚ የራሱን ቅጠልና የራሱን መረብ ስለሚጠቀም የአንዱን ውጤት ከሌላው ጋር ማስተያየት ይከብዳል።

ሁለተኛው ጥጥ ነው። ንጹሕ ጥጥ ማለት ሴሉሎስ ማለት ነው፤ ስለዚህ የትም ቢሄድ አንድ ዓይነት ነው። የጥጥ ጨርቅ ይቀበራል፣ ወጥቶም ምን ያህል እንደሳሳ ይለካል። ቤተ ሙከራ ያለው ሰው ጨርቁ እስኪበጠስ ድረስ ጎትቶ ጥንካሬውን ይለካል። ቤተ ሙከራ የሌለው በሚዛን ይመዝነዋል፣ ወይም በካሬ ወረቀት ላይ አንጥፎ የተበላውን ካሬ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2021 በስዊዘርላንድ አግሮስኮፕ የተባለው የግብርና ምርምር ተቋምና የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ሺሕ ያህል ፈቃደኞች ሁለት ሁለት ነጭ የጥጥ የውስጥ ሱሪ አድለው አስቀብረዋል። የፕሮጀክቱ ስም “የውስጥ ሱሪ እንደ ኤግዚቢት” እንደ ማለት ነው። ሳቅ የሚያስነሣ ይመስላል። ለሕግ ሰው ግን ስያሜው ቁም ነገር አለው፤ ጨርቁን ማስረጃ ብለውታልና። ለእኛ አንድ ክንድ አቡጀዲ ይበቃናል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበት እንዳይሆን ብቻ ነው፤ እሱ አይበሰብስም።

ሦስተኛውና ዛሬ በስፋት የምገልጸው የሻይ ከረጢት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኪውስካምፕና የሥራ ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሐሳብ እንዲህ ነው። ቅጠሉን በከረጢት የማድረጉን ሥራ ፋብሪካ ሠርቶልናል፤ ለምን አንጠቀምበትም? የመረጡት የሊፕተንን ሁለት ሻዮች ነው። አንዱ አረንጓዴ ሻይ ሲሆን ቶሎ ይበሰብሳል። ሁለተኛው ከደቡብ አፍሪካ ቁጥቋጦ የሚገኘው ሮይቦስ ሲሆን እንጨት መሳይ በመሆኑ ይዘገያል። ሁለቱም በየትኛውም አገር አንድ ዓይነት ስለሆኑ በውጤቱ ላይ የሚታየው ልዩነት የአፈሩና የአየሩ ይሆናል እንጂ የቅጠሉ አይሆንም። የቅጠል ከረጢት ስለ ቅጠሉ ሲጠይቅ፣ ሻዩ ስለ አፈሩ ይጠይቃል። የሁለቱን ልዩነት ያልያዘ ሰው ውጤቱን ያምታታል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በ336 ቦታዎች ሻይ ቀብሮ የሦስት ወር ውጤቱን አወዳድሯል። ከታየው ልዩነት 65 በመቶ ያህሉን የወሰነው የሻዩ ዓይነት ነው። የአየር ጠባይ ሚና ጎልቶ የታየው በየቦታው ሳይሆን ቦታዎቹ በሰፊ የአየር ንብረት ክልል ሲመደቡ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ማሳችን ላይ ምን ዓይነት ቅሪት እንደምንጥል መምረጥ በእጃችን ያለ ጉልበት ነው።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ የሁለቱም ሻይ ከረጢቶች ይመዘናሉ። ሚዛኑ የግራም መቶኛን የሚያነብ መሆን አለበት፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ይህን ይሠራል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ሻይ 2 ግራም ገደማ ነው። ጥቂት ከረጢቶች ተከፍተው ባዶው ከረጢት ከነክሩ ተመዝኖ ከጠቅላላው ይቀነሳል።

ሁለተኛ፣ በየከረጢቱ መለያ ላይ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ፣ ክብደቱ፣ ቀኑ፣ ማሳውና የተገኙት ሰዎች ስም በመዝገብ ይሰፍራል።

ሦስተኛ፣ አንድ አረንጓዴና አንድ ሮይቦስ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ በ8 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራሉ። በአንድ ማሳ አንድ ጥንድ አይበቃም፤ በእኔ ግምት ከአምስት ማነስ የለበትም። ቦታው በችካል ይመለከታል። ጓሳ አካባቢ ፍልፈል አፈር እየገለበጠ ከረጢት ሊያጠፋ ስለሚችል ጥቂት ትርፍ ጥንድ መቅበር ብልህነት ነው።

አራተኛ፣ 90 ቀን ይጠበቃል። በደጋው ሰኔ 20 የተቀበረ መስከረም 15 ገደማ ይወጣል፤ ጳጉሜን መቁጠር አይረሳ። ዋናው ነገር ሊወዳደሩ የተፈለጉት ማሳዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቀብረው በአንድ ሳምንት ውስጥ መውጣታቸው ነው። የክረምትን ውጤት ከበጋ ውጤት ጋር ማወዳደር ገብስን ከማሽላ ጋር በአንድ ቁና መስፈር ነው።

አምስተኛ፣ የወጣው ከረጢት አፈሩና የገባበት ሥር በጥንቃቄ ተራግፎ፣ ሳይታጠብ፣ በ70 ዲግሪ ሙቀት ለ48 ሰዓት ይደርቃል። ማድረቂያ ከሌለ በፀሐይ ይሰጣል፤ በተከታታይ ቀናት ተመዝኖ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ያልተቀበሩ ጥቂት ከረጢቶችም አብረው ተሰጥተው ይመዘናሉ፤ አለበለዚያ የእርጥበት ልዩነት ብስባሽ መስሎ ይቆጠራል።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ የመረጥኳቸው ናቸው። 2 ግራም አረንጓዴ ሻይ ተቀብሮ 0.80 ግራም ቀረ እንበል። የጎደለው 60 በመቶ ነው። በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ሊበሰብስ የሚችለው ክፍል 84.2 በመቶ መሆኑ በቤተ ሙከራ ተለክቷል። 0.60 ለ0.842 ሲካፈል 0.71 ይሆናል። ከ1 ሲቀነስ 0.29 ይቀራል። ይህ የመቆየት ቁጥር ነው፤ ሊበሰብስ ይችል ከነበረው ውስጥ 29 በመቶው በዚያ አፈር ውስጥ ሳይፈርስ ቆይቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሮይቦሱ ይታያል። በእሱ ውስጥ ሊበሰብስ የሚችለው 55.2 በመቶ ነው። ያው የመቆየት ድርሻ ሲቀነስለት የሚፈርሰው ክፍል 39 በመቶ ይሆናል። 2 ግራሙ 1.50 ግራም ሆኖ ቢወጣ፣ ከሚፈርሰው ክፍል ምን ያህሉ በ90 ቀን እንዳለቀ በሎጋሪዝም ተሰልቶ በቀን 0.011 ገደማ ይመጣል። ይህ የፍጥነት ቁጥር ነው። ሎጋሪዝም ያስፈራው ሰው ሁለቱን የጎደሉ መቶኛዎች ብቻ ቢይዝ ለማሳና ለማሳ ውድድር ይበቃዋል።

ቁጥሩ እንዴት ይነበብ?

እዚህ ላይ አንባቢዬን ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። ፈጣን ማለት ጥሩ፣ ዝግተኛ ማለት መጥፎ አይደለም። የመርሐቤቴ ቆላ አፈር በፍጥነት ሊያበሰብስ ይችላል፤ ያ አፈር ግን ያገኘውን ቶሎ ስለሚጨርስ ሁልጊዜ መቀለብ አለበት። የጓሳ አፈር ዝግተኛ ቢሆን ደግሞ ያጠራቀመው ቅርስ አለው። ጋይ የተቃጠለ ማሳ ዝግተኛ ቢሆን ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የሚሠራው ሠራዊት አልቆ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን በአንድ ደረጃ መደርደር ስህተት ነው። የሚወዳደሩት በአንድ ከፍታ፣ በአንድ የአፈር ዓይነትና በአንድ ወቅት ያሉ ጎረቤት ማሳዎች ናቸው። ከዚያም በላይ የሚጠቅመው አንድን ማሳ ካለፈው ዓመት ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው።

ዘዴው የራሱ ጉድለቶችም አሉት። የሻይ ከረጢት ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ የትልና የምስጥን ሥራ አያሳይም፤ ምስጥ በበዛበት ቆላ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። የአረንጓዴው ሻይ የመቆየት ድርሻ ለሮይቦስም ይሠራል የሚለው መነሻ ግምት በሌሎች ተመራማሪዎች ተተችቷል። ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ ደግሞ ኩባንያው የከረጢቱን ጨርቅ ስለቀየረ የድሮውንና የአዲሱን ውጤት ሳይለዩ መደባለቅ አይገባም። ሮይቦስ በእኛ ሱቆች የተለመደ ሸቀጥ አለመሆኑም ያስቸግራል። የአገራችንን ጥቁር ሻይ በከረጢት መቅበር ይቻላል፤ ለቀበሌ ለቀበሌ ውድድር ያገለግላል፣ ከዓለም ሠንጠረዥ ጋር ግን አይስተያይም።

“ታዲያ የአፈር ካርታ አለን አይደል?” የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት በየወረዳው አፈር ሰብስቦ የጎደለውን ንጥረ ነገር በካርታ አስፍሯል። ትልቅ ሥራ ነው። ያ ምርመራ ጎተራው ውስጥ ምን እንዳለ ይቆጥራል፤ ሻዩ ደግሞ ወፍጮው እየዞረ መሆኑን ይነግራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በነገራችን ላይ ገበሬውም ልኬት አልባ አይደለም። መንዝ ውስጥ አንድ አዛውንት፣ “አባባ፣ የማሳዎን ጉልበት በምን ያውቁታል?” ብዬ ብጠይቃቸው፣ “ልጄ፣ ማረሻ ሲገለብጠው በሚሰጠው ሽታ ነዋ! የደከመ አፈር አይሸትም” ብለውኛል። ባለሙያም ቢሆን ይህን አያስተባብልም፤ የእርጥብ አፈር ሽታ የሚመጣው ከሚኖሩበት ባክቴሪያዎች ነው። ችግሩ የአባባ አፍንጫ ፍርድ ቤት ቀርቦ መዝገብ ላይ የሚሰፍር አለመሆኑ ነው።

ከማስረጃ ሕግ አንጻር

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። “መሬቱ ተጎድቷል” የሚል ክስ ሁለት ጊዜን ይጠይቃል፤ በፊት እንዴት ነበር፣ አሁን እንዴት ሆነ። በፊት እንዴት እንደነበር ያልተመዘገበን መሬት ተጎዳ ብሎ መብት መንፈግ፣ ያልቆጠሩትን ገንዘብ ጎደለ ብሎ እንደ መክሰስ ነው። ከሁሉ በፊት መነሻ ልኬት ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

የገበሬው ስጋትም የሚዘነጋ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግ የሚያስታውስ ሰው ሜትር ይዞ ማሳው ላይ የቆመ ባለሙያ ሲያይ ልቡ ይፈራል። ሻይ የሚቀብር ባለሙያ ሲያይም ይፈራል። ስለዚህ በእኔ እምነት ልኬቱ በአራት ደንቦች መታጠር አለበት።

አንድ፣ ከረጢቱ ሲቀበርም ሲወጣም ባለይዞታው ወይም ወኪሉ ይገኝ፤ የመዝገቡ ቅጂም ይሰጠው። ኤግዚቢት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማን እንደያዘው መታወቅ እንዳለበት ሁሉ የሻይ ከረጢቱም ጉዞ ይታወቅ።

ሁለት፣ የአንድ ወቅት ቁጥር ብቻውን ማንንም መብት አያሳጣ። ድርቅ ያለበት ክረምት በጎበዝ ገበሬ ማሳ ላይም ቁጥሩን ያወርደዋል። ቁጥሩ ማስረጃ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ሦስት፣ ልኬቱ ለገበሬው የሚጠቅም መከራከሪያም ይሁን። መሬቱን ያከራየ ሰው ተከራዩ አራቁቶ መለሰልኝ ሲል፣ መንገድ ወይም ግንባታ መሬቱን ሊወስድ ሲመጣና ካሣ ሲገመት፣ ለዓመታት ብስባሽ ያለበሰው ማሳ ከጠፍ መሬት እኩል እንዳይታይ ባለይዞታው ይህን መዝገብ ያቅርብ።

አራት፣ ሥራው ለትምህርት ቤቶች ይሰጥ። ሚዛን፣ መዝገብና ዘጠና ቀን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ለሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት ክፍል የተመቸ ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ዘዴውን አንድ ወጥ ቢያደርጉትና ውጤቱን ቢፈትሹት የመሐል ሜዳ፣ የራቤልና የዓለም ከተማ ተማሪዎች የራሳቸውን አገር አፈር መዝጋቢዎች ይሆናሉ። በእርግጥ ለዘጠና ቀን የተቀበረ ነገር ለማውጣት ሰላም ያስፈልጋል። አካባቢው ባለፉት ዓመታት ያየውን የጸጥታ ችግር የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሳይናገሩት ይረዳዋል።

ይህ ለመንዝ ሰው አዲስ ነገር አይሆንም። ጓሳን ለዘመናት የጠበቀው የቀሮ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት እንዲህ ያለ ልማድ ነበረው። ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፣ መድረሱ ታይቶ ይከፈታል፣ ደንብ ያፈረሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ የጸናው ሁሉም የሚያየውና ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ ስለነበረ ነው፤ የሣሩ ቁመት በሜዳ ላይ ለሁሉ ይታያል። በሥርዓቱ መፍረስ ብዙ ከተጎዳ በኋላም ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቁሟል።

ከመሬት በላይ ያለውን ሣር በዓይን አይተው ሕግ ያወጡ ሰዎች፣ ከመሬት በታች ያለውንም የሚያዩበት መለኪያ ቢያገኙ ሕግ ማውጣት አያቅታቸውም። መለኪያው ደግሞ ሁለት ከረጢት ሻይ፣ አንድ የወርቅ ሚዛንና አንድ መዝገብ ነው። የአፈርን ለምነት ይመዘገብ ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ የሚመዘገበው በምን እንደሚለካ መወሰን የሕግ አውጪው፣ የግብርና ቢሮውና የዩኒቨርሲቲው የጋራ ዕዳ ነው። እስከዚያው ግን ማንም ሰው በመጪው ሰኔ አንድ ክንድ አቡጀዲ ጓሮው ውስጥ ቢቀብር የሚከለክለው አዋጅ የለም።